ለፈጣን ክስተቶች የሚሆን የፐልስ ኤክስሬይ ጀነሬተር፦ ማርክስ፣ ቴስላ፣ የፐልስ መስመር ወይስ ሙቅ ካቶድ?

በሰከንድ 2 ኪሎሜትር የሚበር የብረት ፍንጣሪ በአንድ ማይክሮሰከንድ 2 ሚሊሜትር ይጓዛል፤ በ30 ናኖሰከንድ ደግሞ 0.06 ሚሊሜትር። የጀነሬተር ምርጫ መጀመር ያለበት ከዚህ ስሌት ነው። ብዙ ጊዜ ግን “450 ኪሎቮልት ያስፈልገናል” ተብሎ ይጀመራል፤ መሣሪያው ይሠራል ወይም ይገዛል፤ ምስሉ ሲደበዝዝ ጥፋቱ ከዲቴክተሩ ላይ ይፈለጋል። ከታች ያለው ንጽጽር የተጻፈው ለላቦራቶሪ ወይም ለሙከራ ጣቢያ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሚነድፉና ለሚመርጡ ነው።

ከመምረጥ በፊት፦ ብዥታ፣ ውፍረት፣ የምስል ብዛት

የእንቅስቃሴ ብዥታ የዕቃው ፍጥነት በፐልሱ፣ ማለትም በአጭሩ የጨረር ምት፣ ርዝመት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ይህን ሁሉም ያሰላዋል። የሚዘነጋው ከጨረር ምንጩ ስፋት የሚመጣው ብዥታ ነው። ምንጩ 2 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ ዕቃው ከምንጩ 1.5 ሜትር ርቆ ዲቴክተሩ ከዕቃው ጀርባ 30 ሴንቲሜትር ላይ ከተቀመጠ፣ የምስሉ ማጉያ 1.2 ይሆናል። በዕቃው ላይ ሲታሰብ ብዥታው 0.33 ሚሊሜትር ነው። ከላይ ካሰላነው 0.06 ጋር በካሬ ተደምሮ ሥሩ ሲወሰድ 0.34 ገደማ ይወጣል። እንግዲህ ፐልሱን ከ30 ወደ 10 ናኖሰከንድ ለማሳጠር የሚወጣው ገንዘብና ድካም ሁሉ በምስሉ ላይ አይታይም። ዲቴክተሩን ወደ 10 ሴንቲሜትር ማስጠጋት ግን የምንጩን ብዥታ ወደ 0.125 ሚሊሜትር ያወርደዋል። ማስጠጋቱም የራሱ ዋጋ አለው፤ ፍንጣሪው ዲቴክተሩን እንዳይበሳው ፊቱ ላይ የሚደረገው የአሉሚኒየም ወይም የፖሊካርቦኔት ሰሌዳ መወፈር አለበት፣ ሰሌዳው ደግሞ ጨረር ይበላል፣ የተበተነ ጨረርም ይጨምራል።

ቀጥሎ ውፍረት። የ300 ኪሎቮልት ፐልስ ማለት የ300 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ፎቶኖች ማለት አይደለም። አብዛኛው ጨረር ከከፍተኛው ዋጋ ሲሶና ግማሽ መካከል ይውላል፤ ማለትም ከ100 እስከ 150። ጨረሩን በግማሽ የሚቀንሰው የብረት ውፍረት በ100 ኪሎኤሌክትሮንቮልት 2.4 ሚሊሜትር ነው፤ በ200 ወደ 6፣ በ500 ወደ 10.5፣ በ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ወደ 14.7 ሚሊሜትር ያድጋል። ለአሉሚኒየም በ60 ኪሎኤሌክትሮንቮልት 9 ሚሊሜትር፣ በ100 ደግሞ 15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለንጽጽር ጥራት የተሻለው ከመጣው ጨረር 13 በመቶ ያህሉ ሲያልፍ ነው፤ ይህም ከግማሽ ቀናሹ ውፍረት ሦስት እጥፍ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለ7 ሚሊሜትር ብረት 300 ኪሎቮልት በቂ ነው። ለዚያው ብረት 1 ሚሊዮን ቮልት መጠቀም ምስሉን ግራጫ ብቻ ያደርገዋል፤ ሁሉም ነገር ያልፋል፣ ምንም አይለይም።

የመጨረሻው ጥያቄ በአንድ ክስተት ስንት ምስል፣ በምን ያህል ልዩነት ይፈለጋል የሚለው ነው። አንድ ምስል ብቻ ከሆነ ምርጫው ይቀላል። አራት ምስል በ5 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ከተባለ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ሙቅ ካቶድ፦ የማይናቀው አማራጭ

ፍጥነቱ በሰከንድ ከጥቂት አስር ሜትር ለማይበልጥ ሥራ፣ ለምሳሌ ለቀልጦ ብረት ፍሰት፣ ለነዳጅ መርጫ አፍንጫ እንቅስቃሴ ወይም ለሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ፣ የናኖሰከንድ ጀነሬተር ብክነት ነው። ሙቅ ካቶድ (ሲግል ኤሌክትሮን የሚለቅ አሉታዊ ጫፍ) እና የሚሽከረከር አኖድ (ኤሌክትሮኖቹ የሚመቱት አዎንታዊ ጫፍ) ያለው ቱቦ በ100 ኪሎቮልትና በ1 አምፔር ሲሠራ 100 ኪሎዋት ነው፤ በ10 ማይክሮሰከንድ ውስጥ 1 ጁል የኤሌክትሮን ኃይል አኖዱን ይመታል። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ነገር በዚያ ጊዜ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ይጓዛል። በግሪድ ወይም በትራንዚስተር ሞዱሌተር የሚቆረጥ እንዲህ ያለ ፐልስ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል፤ ገደቡ አኖዱ የሚሸከመው ሙቀት ነው፣ ስለዚህም ተከታታዩ የሚቆየው ለሰከንድ ክፍልፋይ ነው።

በማያቋርጥ ቱቦና በፈጣን ካሜራ መቅረጽም ይቻላል፤ ልኩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። 160 ኪሎቮልት በ10 ሚሊአምፔር የሚሰጥ የኢንዱስትሪ ቱቦ 1.6 ኪሎዋት ነው፤ በ1 ማይክሮሰከንድ መጋለጥ ውስጥ 1.6 ሚሊጁል ብቻ ይደርሳል። ቀጥሎ የምናየው መካከለኛ ማርክስ በአንድ ምት ወደ 20 ጁል ለቱቦው ይሰጣል፤ ከአስር ሺህ እጥፍ በላይ ማለት ነው። በማይክሮሰከንድ ደረጃ በማያቋርጥ ቱቦ የተነሣ ምስል ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት እንጂ ካሜራው ደካማ ስለሆነ አይደለም።

ማርክስ በቀጥታ ከቱቦ ጋር

ከ100 እስከ 600 ኪሎቮልት ባለው ክልል፣ ለአንድ ወይም ለጥቂት ምስሎች፣ የመጀመሪያ ምርጫችን ይኸው ነው። ኤርቪን ማርክስ በ1924 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ካፓሲተሮች በትይዩ ይሞላሉ፣ በመካከላቸው ያሉት ስፓርክ ጋፖች (ብልጭታ ሲዘላቸው እንደ ስዊች የሚዘጉ ክፍተቶች) ሲተኮሱ በተርታ ይቆማሉ። በ1938 በጀርመን ሽቴንቤክ፣ በአሜሪካ ደግሞ ኪንግደንና ታኒስ የመጀመሪያዎቹን የማይክሮሰከንድ የኤክስሬይ ብልጭታዎች ካሳዩ ጀምሮ ከፍተኛ ቮልቴጅን በአጭር ጊዜ ለቱቦ የማቅረቡ ጉዳይ ዋና ፈተና ሆኖ ቆይቷል።

በቁጥር እንየው። 10 ደረጃዎች፣ እያንዳንዳቸው 10 ናኖፋራድ፣ በ30 ኪሎቮልት የተሞሉ፦ የተጠራቀመው ኃይል 45 ጁል፣ ሲቆም 300 ኪሎቮልትና 1 ናኖፋራድ። የእያንዳንዱ ደረጃ ኢንዳክታንስ 60 ናኖሄንሪ፣ የቱቦውና የመያዣው 200 ቢሆን ድምሩ 800 ናኖሄንሪ ነው። የኢንዳክታንስና የካፓሲታንስ ንጥጥር ሥር፣ ማለትም የጀነሬተሩ ኢምፒዳንስ፣ 28 ኦም ይወጣል። የሁለቱ ብዜት ሥር ደግሞ 28 ናኖሰከንድ ነው። ቱቦው 28 ኦም ገደማ ከሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ሞገድ 100 ናኖሰከንድ ይወስዳል። ኤክስሬይ ከቮልቴጁ ካሬ በላይ ስለሚያድግ የጨረሩ ፐልስ ከዚህ ሲሶ በላይ ትንሽ ነው፤ ከ35 እስከ 40 ናኖሰከንድ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ 28 ኦም ቱቦ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ 300 አይደለም፤ 55 በመቶው፣ 165 ኪሎቮልት ብቻ ነው። ቀሪው ኢንዳክታንሱ ላይ ይቀራል። ቱቦው 85 ኦም ቢሆን 82 በመቶው፣ 247 ኪሎቮልት ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ግን የፐልሱ ጅራት ይረዝማል። ሻጭ “300 ኪሎቮልት” ሲል ያለ ጭነት የቆመውን እንጂ ቱቦው የሚያየውን አይናገርም፤ መጠየቅ ያለበት ከቱቦው ጋር የተለካው ሞገድ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ማሳጠር ነው። ካፓሲተሮቹን በ1 ናኖፋራድ ብንተካ ግማሽ ሞገዱ ወደ 32፣ የጨረሩ ፐልስ ወደ 12 ናኖሰከንድ ይወርዳል። ኃይሉም ከ45 ወደ 4.5 ጁል ይወርዳል፣ ኢምፒዳንሱም ወደ 89 ኦም ይወጣል። ጨረሩ ያንሳል ማለት ነው። ኃይሉ ሳይቀንስ ለማሳጠር ያለው መንገድ ኢንዳክታንስ መቀነስ ብቻ ነው፦ ደረጃዎቹን በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ በቀጥታ መስመር መደርደር፣ የመመለሻውን ከረንት በዚያው ቱቦ ግድግዳ ማስመለስ፣ በየደረጃው ሦስትና አራት ትናንሽ ካፓሲተሮችን በትይዩ በክብ ማሰር። የብረት ግድግዳው ሌላም ጥቅም አለው፤ የየደረጃው ካፓሲታንስ ወደ መሬት ስለሚያድግ የመጀመሪያው ጋፕ ሲተኮስ ቀጣዮቹ ላይ የሚያርፈው ትርፍ ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ማርክሱም ፈጥኖ ይቆማል።

ካፓሲተር ላይ። የበር እጀታ ቅርጽ ያላቸው የሴራሚክ ካፓሲተሮች የተለመዱ ናቸው። በባሪየም ቲታኔት የተሠሩት በሙሉ ቮልቴጅ ከተጻፈባቸው ካፓሲታንስ ግማሹን ያህል ሊያጡ ይችላሉ፤ በ1 ቮልት በሚለካ ሜትር ተለክተው ከተነደፈባቸው የተሰላው 45 ጁል በተግባር ከ25 አይበልጥም። በስትሮንቲየም ቲታኔት የተሠሩት ብዙ አይወርዱም፣ በመጠን ግን ይተልቃሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በሙሉ ቮልቴጅ ሞልቶ በታወቀ ሬዚስተር ማውረድና የሚወስደውን ጊዜ በኦስሲሎስኮፕ ማየት።

ስፓርክ ጋፕ ላይ። ደረቅ አየር በአንድ አትሞስፌር በሴንቲሜትር 30 ኪሎቮልት ገደማ ይሸከማል። 4 ሚሊሜትር ጋፕ በ30 ኪሎቮልት በራሱ የሚሰበረው በ2.5 ባር ፍጹም ግፊት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 3.5 ባር ላይ ይሠራበታል፣ ጋፑ ከሚሰበርበት 70 በመቶ ላይ ይቆያል ማለት ነው። ግፊቱ ከዚህ ሲወርድ ማርክሱ ያለ ትእዛዝ ይተኩሳል። ሲበዛ ደግሞ ትሪገሩ (የማስተኮሻው ምልክት) የመጀመሪያውን ጋፕ ቢያስነሣም የላይኞቹ ዝም ይላሉ፣ ወይም የጊዜ መዋዠቁ ከአስር ወደ መቶ ናኖሰከንዶች ያሻቅባል። ጋፖቹን በአንድ የጋራ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ በሚተያዩበት መስመር ማድረግ ይጠቅማል፤ የታችኛው ብልጭታ አልትራቫዮሌት ብርሃን ለላይኞቹ የመጀመሪያ ኤሌክትሮኖችን ይሰጣቸዋል። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝ ከአየር ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ስለሚሸከም መሣሪያውን ያሳንሳል። ነገር ግን ብልጭታና እርጥበት ሲያገኙት የሚበላና መርዛማ ውጤት ይሰጣል። ለጋፕ ደረቅ አየር፣ ለዙሪያው መከለያ ብቻ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ቢሆን ይሻላል ባይ ነን።

መሙያው ቀላሉ ክፍል ነው። ጠቅላላ 100 ናኖፋራድን በአንድ ሰከንድ 30 ኪሎቮልት ለማድረስ 3 ሚሊአምፔር ይበቃል። በደረጃዎች መካከል ከ1 እስከ 20 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ይሠራሉ፤ ጠቅላላ የካርቦን ዘንግ ይሁኑ፣ ባለ ፊልም ሬዚስተሮች በፐልስ ይሰነጠቃሉና። ከኃይል ምንጩ መውጫ ላይ ትልቅ ሬዚስተር ካልገባ ጋፖቹ ከተተኮሱ በኋላ ምንጩ መመገቡን ይቀጥላል፤ ብልጭታው አይጠፋም፣ ቀጣዩም ሙሌት አይሳካም።

ቱቦው የጀነሬተሩ ግማሽ አካል ነው

ቱቦን ከጀነሬተር ለይቶ መምረጥ ብዙ ገንዘብ ያባክናል። ቀዝቃዛ ካቶድ ባለው ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚወጡት ከካቶዱ ጠርዝ ላይ ከሚፈጠር ፕላዝማ ነው፤ ይህ ፕላዝማ በማይክሮሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ወደ አኖዱ ይገሰግሳል። በ50 ናኖሰከንድ ውስጥ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ክፍተቱ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ጉዳቱ ይቻላል። 3 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ግማሹ በፐልሱ መካከል ይዘጋል፣ ኢምፒዳንሱ ይወድቃል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል፤ ከረንቱ ይጨምራል እንጂ ጨረሩ አይጨምርም።

መነሻ መጠን ለማግኘት በቫኪዩም ክፍተት ውስጥ ሊፈስ የሚችለውን ከፍተኛ ከረንት የሚሰጠው የቻይልድና ላንግሙር ሕግ ይበቃል። በ250 ኪሎቮልትና በ8 ሚሊሜትር ክፍተት በካሬ ሴንቲሜትር 450 አምፔር ገደማ ይፈስሳል። 85 ኦም ለማግኘት የሚያስፈልገው 2.9 ኪሎአምፔር ነውና የካቶዱ አመንጪ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚስተካከለው በልኬት ነው፤ ሾጣጣ የታንግስተን አኖድና ቀለበት ካቶድ ያለው ቱቦ ጠፍጣፋ ሳህን አይደለም።

ታንግስተን በ300 ኪሎቮልት የኤሌክትሮኑን ኃይል 2 በመቶ ገደማ ብቻ ወደ ኤክስሬይ ይቀይራል፣ በ100 ኪሎቮልት ከ1 በመቶ በታች። የተቀረው ሙቀት ነው፤ በየምቱ የአኖዱ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ይቀልጣል። ጫፉ እየደነዘዘ ሲሄድ የምንጩ ስፋት ይጨምራል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ለዚህ ነው አኖዱ በቀላሉ የሚቀየርበት፣ በፓምፕ የሚሠራ ቱቦ ለምርምር የሚመረጠው። በተርቦሞለኪዩላር ፓምፕ ከሚሊባር አንድ መቶ ሺህኛ በታች መውረድ አለበት። የታሸገ ቱቦ ፓምፕ አይፈልግም፣ ተንቀሳቃሽ ነው፤ አኖዱ ሲያልቅ ግን ሙሉው ይጣላል።

ረጅም ገመድም የሚያታልል ነገር ነው። ቱቦውን ከማርክሱ በ10 ሜትር ኮአክሲያል ማራቅ ለፍንዳታ ሥራ ይመቻል፤ በሜትር 5 ናኖሰከንድ መዘግየቱም ችግር አይደለም። ችግሩ ገመዱ 50 ኦም ሆኖ ቱቦው 85 ኦም ሲሆን የሚመላለሰው ሞገድ ነው፤ ከዋናው ፐልስ 100 ናኖሰከንድ ቆይቶ ሁለተኛ ደካማ የጨረር ምት ይመጣል፣ በምስሉ ላይም ከፍንጣሪው ጎን ጥላ ሆኖ ይታያል። ይህን ጥላ ከንዝረት ወይም ከዲቴክተር ጉድለት የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ርቀቱ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል።

ቴስላና ተደጋጋሚ ፐልስ

በሰከንድ 10 ወይም 100 ምት ከተፈለገ ማርክስ ይከብደዋል፤ ጋፖቹ ለመጽዳት ሚሊሰከንዶች ይፈልጋሉ፣ 45 ጁል በ10 ሄርዝ ደግሞ 450 ዋት ሙቀት ነው። የቴስላ ትራንስፎርመር፣ ሁለቱ ጥምጥሞቹ በ0.6 ሲጣመሩ፣ ኃይሉን በሁለተኛው የቮልቴጅ ጫፍ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይኛው ወገን ያሻግራል። አንድ ስዊች ብቻ ነው ያለው፤ የጥገናው ቅለት ከዚህ ይመጣል። ድክመቱ ቮልቴጁ በማይክሮሰከንድ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ከቱቦው በፊት ትንሽ የኃይል ማከማቻና የከፍተኛ ግፊት ጋፕ መግባት አለበት፤ ጋፑ ሲሰበር ፐልሱ በናኖሰከንዶች ይወጣል። በባትሪ የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ የ150 እና የ270 ኪሎቮልት መሣሪያዎች በዚህ ወይም በተቀራራቢ መንገድ በአንድ ፐልስ 50 ናኖሰከንድ ገደማ ይሰጣሉ። የአንድ ፐልስ ጨረራቸው አነስተኛ ስለሆነ የቆመ ዕቃን በብዙ ፐልስ ለማንሣት ነው የተሠሩት። ለፈጣን ክስተት አንድ ፐልስ ብቻ ስለሚጠቅም ከ1 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ምስላቸው ደካማ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሩስያ ዬካተሪንቡርግ የተገኙት ከረንት የሚቆርጡ ሴሚኮንዳክተር ዳዮዶች ደግሞ ጋፕ የሌለበትን መንገድ ከፍተዋል፤ በሰከንድ ሺህ ፐልስ ያለ መሸርሸር ይሰጣሉ። የአንድ ፐልስ ኃይላቸው ትንሽ ነው። ተደጋጋሚና ተመሳሳይ ሂደትን ምት እያደመሩ ለማንሣት ካልሆነ ለአንድ ጊዜ ፍንዳታ አይበቁም።

የፐልስ መስመር፦ ዘይት ወይስ ውሃ

ፐልሱ ጠፍጣፋ እንዲሆን፣ ማለትም በቆይታው ሁሉ ቮልቴጁ አንድ እንዲሆን ከተፈለገ በማርክሱና በቱቦው መካከል የፐልስ መስመር፣ ማለትም በዘይት ወይም በውሃ የተሞላ ኃይል የሚያጠራቅም ማስተላለፊያ፣ ይገባል። የፐልሱ ርዝመት መስመሩን ደርሶ መልስ ለመሄድ የሚወስደው ጊዜ ነው። በትራንስፎርመር ዘይት ሞገዱ በናኖሰከንድ 20 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ 50 ናኖሰከንድ ለማግኘት 5 ሜትር መስመር ያስፈልጋል። በተጣራ ውሃ በናኖሰከንድ 3.3 ሴንቲሜትር ስለሆነ 84 ሴንቲሜትር ይበቃል። ውሃው ኢምፒዳንሱን ስለሚያወርድ ብዙ አስር ኪሎአምፔር ለሚፈልግ ቱቦ ይስማማል፤ ለ85 ኦም ቱቦ ግን ዘይት ነው።

ውሃን የሚመርጥ ሰው ስለ ንጽሕናው ማሰብ አለበት። በ18 ሜጋኦም ሴንቲሜትር ንጽሕና የውሃ መስመር በራሱ የሚፈስበት የጊዜ ልክ 127 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ንጽሕናው ወደ 1 ሜጋኦም ሴንቲሜትር ሲወርድ 7 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይቀራል። በሙሌት ጊዜ ኃይል ማለቅ ከጀመረ መጀመሪያ የሚታየው የማጣሪያው ካርትሪጅ ነው። በዚያም ላይ ውሃ ለረጅም ጊዜ ቮልቴጅ አይሸከምም፤ ማርክሱ በ1 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ሊሞላው ይገባል።

ተራ መስመር ከኢምፒዳንሱ ጋር ለተስማማ ቱቦ የሚሰጠው የሞላበትን ቮልቴጅ ግማሽ ነው። ብሉምላይን ሁለት መስመሮችን አጣምሮ ሙሉውን ይሰጣል፤ ዋጋው ድርብ መጠንና በጣም ፈጣን ስዊች ነው። በ300 ኪሎቮልት ደረጃ ልዩነቱ የሚያዋጣ አይደለም፤ ማርክሱን በጥቂት ደረጃ ማርዘም ይቀላል። ከ1 ሚሊዮን ቮልት በላይ ግን ብሉምላይን ኢንሱሌተሮቹን ያድናል።

ወፍራም ብረት፦ ከሚሊዮን ቮልት በላይ

እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ምርጫው የአንድ ላቦራቶሪ አይደለም። የኢንዳክሽን ሴሎች ቮልቴጅን በተርታ ይደምራሉ። አንዱ ሴል 250 ኪሎቮልት ለ80 ናኖሰከንድ ለመያዝ 0.02 ቮልት ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ ፌራይቱ 0.6 ቴስላ ቢወዛወዝ የፌራይት እምብርቱ ስፋት 330 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለት ሚሊዮን ቮልት ገደማና በአስር ሺዎች አምፔር የሮድ ፒንች ቱቦ (ኤሌክትሮኖቹን በቀጭን የአኖድ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚያሰባስብ ቱቦ) ምንጩን ወደ 1 ሚሊሜትር ያጠብበዋል። ትልቁ የታወቀ ምሳሌ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የኤክስሬይ ተቋም የሆነው ዳርት ነው፤ ሁለተኛው መስመሩ አንድ ረጅም የኤሌክትሮን ጨረር ከፋፍሎ አራት ምስል ይሰጣል።

ብዙ ምስል ሲፈለግ

አራት ምስል በ5 ማይክሮሰከንድ ልዩነት የተባለውን እናንሣ። አንድ ማርክስ በዚህ ፍጥነት አይደገምም። ስለዚህ አራት ማርክስና አራት ቱቦ ይሰለፋል፣ እያንዳንዱም የራሱ የምስል ሰሌዳ ይኖረዋል። አንዱ ቱቦ ሌላው ሰሌዳ ላይ እንዳያበራ በመካከላቸው እርሳስ መቆም አለበት። ምስሎቹ ከተለያየ ማዕዘን ስለሚነሡ ዕቃው ክብ ካልሆነ ማወዳደሩ ይከብዳል። ክብ ላልሆነ ዕቃ በአንድ ቫኪዩም ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ተራርቀው የቆሙ ብዙ አኖዶች ያሉት ቱቦ ይሻላል፤ የማዕዘኑ ልዩነት ከጥቂት ዲግሪ አያልፍም። ግን ሁሉም ምት በአንድ ዲቴክተር ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ዲቴክተሩ ፈጣን ሲንቲሌተር (ኤክስሬይን ወደ ብርሃን የሚቀይር ቁስ) እና ፈጣን ካሜራ መሆን አለበት።

የሲንቲሌተሩ ብርሃን በምስሎች መካከል ባለው ጊዜ ሲሶ ውስጥ ካልጠፋ የፊተኛው ምስል ከኋለኛው ጋር ይደራረባል። ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ በቴርቢየም የተደገፈው በሚሊሰከንድ ደረጃ ነው የሚጠፋው፤ ለአንድ ምስል ብሩህና ርካሽ፣ ለብዙ ምስል የማይሆን። ሲዚየም አዮዳይድ በታሊየም 1 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፣ ነገር ግን ረጅም የብርሃን ጅራት አለው። ኤልዋይኤስኦ ክሪስታል በ40 ናኖሰከንድ ይጠፋል፤ ለ5 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ያለ ጭንቀት የሚመረጠው እርሱ ነው። ለአንድ ምስል ግን ፈጣን ዲቴክተር አይፈለግም። ጊዜውን የሚወስነው ፐልሱ ራሱ ስለሆነ ተራ የምስል ሰሌዳ ወይም ጠፍጣፋ ዲጂታል ፓነል በጨለማ ተከፍቶ ይጠብቃል። ፓነሉ ከተኩሱ በፊት ማጽዳቱን ጨርሶ በመሰብሰብ ላይ መሆኑ ብቻ ይረጋገጥ፤ ንባቡ ላይ እያለ የተተኮሰ ምት ግማሽ ምስል ይሰጣል።

ብልሽትን ከሞገዱ ማንበብ

የቮልቴጅ ዲቫይደርና የሮጎቭስኪ ጥምጥም (ከረንት የሚለካ ጥምጥም) የሌለው ጀነሬተር ሲበላሽ ምክንያቱ አይታወቅም። ቮልቴጁ ከልኩ ወርዶ ከረንቱ ከፍ ካለ ቱቦው ላይ ክፍተቱ ጠብቧል፣ ወይም ኢንሱሌተሩ ላይ ብልጭታ አልፏል፤ በኢንሱሌተሩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይፈለግ። ቮልቴጁ ሙሉ ሆኖ ከረንት ከሌለ ካቶዱ ለመነሣት ዘግይቷል፤ ጠርዙ ደንዝዟል ወይም ቱቦው ለረጅም ጊዜ ሳይተኮስ ቆይቷል። ጥቂት የማለማመጃ ምቶች ብዙ ጊዜ ይመልሱታል። ሁለቱም ልክ ሆነው ጨረሩ ካነሰ ኤሌክትሮኖቹ ከአኖዱ ጫፍ ሌላ ቦታ እየመቱ ነው፤ ይህን የሚያሳየው ወፈር ያለ የታንግስተን ጠርዝ በማንሣት የሚለካው የምንጭ ስፋት ነው። ጨረሩን ራሱን በፐልስ ቅርጽ ለማየት ፒን ዳዮድ ወይም ፕላስቲክ ሲንቲሌተር ከፎቶመልቲፕላየር ጋር በቂ ነው።

የትሪገርና የመለኪያ መስመሮች በኦፕቲካል ፋይበር ይሁኑ። የማርክስ መተኮስ በአቅራቢያው ያለን ኮምፒውተር ያስነሣል፣ የሌላውን ማርክስ ትሪገርም ያታልላል። አራቱ ማርክሶች በአንድ ላይ ከተተኮሱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመዘግየት መቆጣጠሪያው ሳይሆን የመዳብ ገመዱ ነው።

ጨረርን በመቆጣጠር ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በጋይገር ቱቦ የሚሠራ የኪስ ዶዚሜትር (የጨረር መጠን መለኪያ) ከአንድ ምት በኋላ 100 ማይክሮሰከንድ ያህል አያይም፤ በ40 ናኖሰከንድ ፐልስ ውስጥ ሺህ ፎቶን ቢያልፍበትም አንድ ብቻ ይቆጥራል። ማሳያው ዜሮ አካባቢ ስላለ ሥፍራው ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ለፐልስ የሚሆነው ጠቅላላ መጠኑን የሚደምር የአዮን ክፍል፣ ወይም በሙቀት የሚነበብ የቴርሞሉሚነሰንስ ዶዚሜትር ነው። በሩ ላይ ያለው መቆለፊያ ሙሌቱን ከማቋረጥ አልፎ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር ወደ መሬት ማውረድ አለበት። ሳይተኮስ የቀረ ማርክስ 45 ጁሉን እንደያዘ ይቆያልና፣ ከሬዚስተሩ በኋላም እያንዳንዱ ደረጃ በመሬት ማስያዣ ዘንግ ተነክቶ፣ ዘንጉ እስከ ሥራው መጨረሻ በላይኛው ደረጃ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።